ተገዶ ወታደር የሆነ ልጅ፦ ለክርክር ክበባችን እርዳታ ፈልጌ ነበር

ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የክርክር ክበብ የማስተባብር የሲቪክስ መምህር ነኝ። ቀጣዩ ርዕሳችን «ተገዶ የታጠቀ ልጅ ለፈጸመው ግድያ ተጠያቂ ነው ወይ?» የሚል ሲሆን፣ የመረጥነው የዶሚኒክ ኦንግዌንን ጉዳይ ነው። ዩጋንዳዊው ኦንግዌን በ9 ዓመቱ ገደማ በአማፂው መሪ በጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች ታፍኖ ተወሰደ፤ እዚያው አድጎ አዛዥ ሆነ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. በ61 ክሶች ጥፋተኛ ብሎ 25 ዓመት ፈረደበት። የልጅነት መከራው ቅጣቱን አቀለለለት እንጂ ነፃ አላወጣውም።

መጀመሪያ ተማሪዎቹን በሕግ ልገላግላቸው ሞከርኩ። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላውን አይዳኝም፤ የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለውን ጭራሽ አይነካም። አልሠራም። «አለመከሰስና አለመበደል አንድ ነው እንዴ፣ ቲቸር?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ቀጥዬ ማስገደድን አነሳሁ፦ አፈሙዝ የተደገነበት ልጅ ምርጫ የለውም። አንዷ ተማሪ ታዲያ አፋጠጠችኝ። ምርጫ ከሌለው፣ «ተኩስ» ሲባል እምቢ ያለውን ወይም ሌላ ልጅ ይዞ ያመለጠውን ለምን እናደንቃለን? የደጉ ሥራ ባለቤት ካደረግነው የክፉውስ?

እዚህ ላይ ተቀርቅሬያለሁ። «ሰለባ ነው» ብሎ ማቆም ልጁን እንደ ዕቃ ያስቆጥረዋል፤ «ጥፋተኛ ነው» ማለት ደግሞ ያፈነውን ሰውዬ ሸክም ያቀልለታል።

ፍልስፍና ወይም ሕግ ያጠናችሁ፦ ልጁ የሠራው ሥራ የራሱ መሆኑን ሳንክድ፣ ወቀሳውን ግን ሳንጭንበት፣ የ16 ዓመት ተማሪ ቆሞ ሊሟገትለት የሚችል መከራከሪያ እንዴት ልቅረጽ?