ዜሮ ዓመት ልምድ ይዤ ኢንተርቪው ልገባ ነው፣ ምን ብዬ ልመልስ?

የማርቆስ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከደብረ ማርቆስ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ብዙ ቦታ ካመለከትኩ በኋላ ባሕር ዳር ያለ አንድ የግል ድርጅት ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት የጽሑፍ ፈተና ሰጠን። አለፍኩ። አሁን ለቃለ መጠይቅ ሐሙስ ና ብለውኛል።

ጽሑፉ ብዙም አላስጨነቀኝም። የጨነቀኝ ሦስት አራት ሰው ፊት ቁጭ ብዬ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ስባል ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ዝም ያለ ልጅ ነው ጨዋ የሚባለው፣ ስለ ራሴ አውርቼ አላውቅም። ድክመትህ ምንድነው ቢሉኝስ? ደሞዝ ስንት ትፈልጋለህ ቢሉኝስ? ዩቲዩብ ላይ ያሉትን መልሶች አየኋቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ እኔን አይመስሉም። በዚህ ያለፋችሁ ወይም ጠያቂ ሆናችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ እንደ ታናሽ ወንድም ምከሩኝ።

ሒሳብ ክፍል ከቡሬ፦

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። የጽሑፉን ወንፊት ማለፍ ቀላል አይደለም። እኔ ቡሬ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፋይናንስ ላይ ነው የምሠራው፣ ሰው ሲቀጠር ከሰው ሀብት ጋር ኮሚቴ ሆኜ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኖ የሚታየኝን ልንገርህ።

«ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል አብዛኛው ልጅ ከትውልድ ቀበሌው ነው የሚጀምረው። የት እንደተወለደ፣ የት አንደኛ ደረጃ እንደተማረ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ። ይሄ ሁሉ ሲቪው ላይ አለ ወይም ለሥራው አያስፈልግም። እኛ መስማት የምንፈልገው ምን እንደተማርክ፣ በእጅህ ምን እንደነካህና ይሄን ሥራ ለምን እንደፈለግከው ነው። ከሁለት ደቂቃ አይለፍ።

አንድ ልጅ መጣ፣ እንዳንተው አዲስ ምሩቅ። ልምድ አለህ ወይ ስንለው «የለኝም» አለና አቀረቀረ። ኢንተርንሺፕ የት ወጣህ ብለን ስንጠይቀው ግን ሌላ ሰው ሆነ። የወጣበት መሥሪያ ቤት የፔቲ ካሽ (ለትናንሽ ወጪ የሚቀመጥ ጥሬ ገንዘብ) ሒሳብ ሲዘጋ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ብሎ ነበር። ልጁ ደረሰኞቹን በቀን በቀን ደርድሮ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ሲያመሳክር ለጎሚስታ የተከፈለ ብር ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘው፣ አንዴ ሾፌሩ ብሩን በወሰደበት ቀን፣ አንዴ ደግሞ ደረሰኙን ባመጣበት ቀን። ለኃላፊዋ አሳያት፣ ተስተካከለ። ይሄን ሲነግረን እጁ ጠረጴዛው ላይ ደረሰኝ እየደረደረ ነበር። ጎኔ ያለው ሰውዬ ስልኩን አስቀመጠ። ልጁን ቀጠርነው፣ ዛሬም አብሮን አለ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት ታሪክ ከራስህ ሕይወት አዘጋጅ። ችግሩ ምን ነበር፣ ያንተ ድርሻ የቱ ነበር፣ ምን አደረግክ፣ በመጨረሻ ምን ሆነ። በቡድን የሠራኸውም ቢሆን ያንተን ድርሻ ለይተህ ተናገር፣ የምንቀጥረው አንተን እንጂ ቡድኑን አይደለም። እና ጉራ ይመስልብኛል ብለህ አትፍራ። «እኔ ጎበዝ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» ካልክ ጆሮ ይቆረቁራል እውነት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። ያደረግከውን ብቻ እንደሆነው ብትነግረን ግን ጨዋነትህ አይጎድልም፣ መመስከሩን ለኛ ተወው።

ዳሞት፦

ወንድም ዋናው እንግሊዝኛ ነው። መልሶቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፈህ ሸምድዳቸው። ጂፒኤህ ከ3 በላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጥራ።

እታለም፦

ዳሞት ወንድሜ በሽምደዳው አልስማማም። እኔ ባንክ ነው የምሠራው፣ ከኔ ጋር የገባች አንዲት ልጅ ሁሉንም ሸምድዳ ነበር፣ መሃል ላይ አንዱ ጠያቂ «ይቅርታ ምን አልሽ?» ብሎ ሲያቋርጣት የት እንደደረሰች ጠፋት፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። የማርቆስ ልጅ፣ እንግሊዝኛውን በተመለከተ እንዲህ አድርግ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ይገባሉ። የመጀመሪያዋን ስለ ራስህ የምትለዋን በእንግሊዝኛ በደንብ ተለማመዳት፣ ቃል በቃል ሳይሆን ሐሳቧን። ከዚያ ሲከብድህ «ይሄን በአማርኛ ባብራራው ይፈቀድልኛል?» በል። በትሕትና ከተጠየቀ ማንም አይቆጣም። እየተንተባተቡ ግማሽ ሐሳብ ከመናገር በጣም ይሻላል።

ድክመት ሲሉህ «ከመጠን በላይ ሥራ እወዳለሁ» እንዳትል በእናትህ። ጠያቂዎቹ ሰልችቷቸዋል። እውነተኛ የሆነ ግን ሥራውን የማይገድል ነገር ምረጥና ምን እያደረግክበት እንደሆነ ጨምር። ለምሳሌ ብዙ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል ካልክ፣ ክፍል ውስጥ ፕሬዘንቴሽን ሲመጣ ራሴ እየጠየቅኩ መውጣት ጀምሬያለሁ በል፣ ካደረግከው ማለቴ ነው፣ ካላደረግከው አትበል። ለሒሳብ ሥራ እያመለከትክ «ቁጥር ላይ እቸኩላለሁ» ብትል ግን በሩን በራስህ እጅ ዘጋህ።

እዚህ የሚያነቡ እህቶች ካሉም ልንገራችሁ። «ልታገቢ ነው ወይ፣ መቼ ትወልጃለሽ» የሚል ጥያቄ አሁንም አለ። ያናድዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በፆታ ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። እዚያው ክርክር ውስጥ መግባት ካልፈለጋችሁ «የግል ኑሮዬ ሥራዬን አይነካም፣ ለሥራው ግን በዚህ በዚህ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ወደ ሥራው መመለስ ይቻላል። አንገት መድፋት አያስፈልግም፣ ጥያቄው ነው ነውሩ።

የማርቆስ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሒሳብ ክፍል ጋሼ፣ የልጁ ታሪክ ደስ ይላል፣ እኔ ግን ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት ቦታ ፎቶ ኮፒ ከማንሳትና ፋይል ከማመላለስ በቀር ምንም አላስነኩኝም። የማወራው የለኝም። ያለኝ ነገር ቢኖር ቤታችን ቢቸና ነው፣ አባቴ እህል ይነግዳል፣ ክረምት ክረምት ስገባ የጤፉን ግዢና ሽያጭ ደብተር እኔ ነኝ የምይዝለት። ሰንበት ትምህርት ቤትም ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ይሄ ይወራል እንዴ?

ሒሳብ ክፍል ከቡሬ፦

ይወራል እንጂ! ምነው እስካሁን ደበቅከው? ከኔ ከጠያቂው ወገን ስታየው ከፎቶ ኮፒው ይልቅ ይሄ ነው ሥራ።

እስቲ ራስህን ጠይቅ። ደብተሩን ከመያዝህ በፊት አባትህ እንዴት ነበር የሚይዙት? በቃል? ዱቤ የወሰደ ነጋዴ «ከፍያለሁ» ሲል በምን ታረጋግጣላችሁ? በኩንታል የተገዛው ጤፍ በኪሎ ተሽጦ ሲያልቅ የሚጎድለውን የት ነበር የምትጽፈው? ትርፍና ኪሳራው በስንት ጊዜ ነው የሚታወቀው? ይሄን ስትመልስ የዱቤ ሂሳብ፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የብክነት ምዝገባ እያወራህ ነው። ትምህርት ቤት የተማርከው ራሱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱም እንዲሁ፣ የሰው ገንዘብ አምነው የሰጡህ መሆኑ ለሒሳብ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ማን ይቆጣጠርህ ነበር፣ በየስንት ጊዜው ሪፖርት ታቀርብ ነበር፣ ያን ንገራቸው። አታጋንነው ብቻ። ደብተር ከሆነ ደብተር በል፣ ሶፍትዌር ነበር አትበል። ሲቪህ ላይ ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ከጻፍክም እዚያው ላፕቶፕ አዙረው «እስቲ አሳየን» ሊሉህ ይችላሉ፣ እኔ አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ የሙያ ጥያቄ ይመጣል። የደሞዝ ግብር ሰንጠረዡ በ2017 ተሻሽሏል፣ ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ብዙ ተማሪ የተማረው የድሮውን ስለሆነ በእሱ ያሰላል። አዲሱን አጥንተህ ግባ። የጡረታውንም፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑን ያዝ። ደሞዝ መክፈያ ሠርተህ አሳየን ቢሉህ ይሄ ያስፈልግሃል።

አባይ ማዶ፦

ደሞዙን እኔ ልመልስ፣ በቅርብ ያለፍኩበት ነው። ማስታወቂያው ላይ «በድርጅቱ ስኬል» ካለ ስኬሉን ጠይቅ እንጂ ቁጥር አትጥራ። «በስምምነት» ካለ ግን ቁጥር ይዘህ ግባ። ባሕር ዳር ውስጥ በዚያ ሥራ መደብ ላይ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ቀድመህ ጠይቅ፣ ክላስሜት አይጠፋም። የቤት ኪራዩንም አስላ፣ ከማርቆስ ወጥተህ ነው የምትኖረው። ከዚያ «ከዚህ እስከዚህ ጠብቄያለሁ» ብለህ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ተናገር። «የሰጣችሁኝን» ማለት ትሕትና ይመስላል፣ ግን የሰጡህን ያህል ብቻ ነው የምታገኘው። እና የምትስማሙበት ቁጥር ጥቅል ይሁን የተጣራ እዚያው አረጋግጥ። ግብርና ጡረታው ሲነሳ እጅህ ላይ የሚገባው ሌላ ነው።

ሌላው «ከ5 ዓመት በኋላ የት ትሆናለህ» ነው። «እዚሁ ወንበር ላይ» ብለህ አትሸንግላቸው፣ «ውጭ አገር» ብለህም አታስደንግጣቸው። መጀመሪያ ሥራውን በደንብ መልመድ፣ ከዚያ ሲኒየር መሆን፣ ከተቻለ ማስተርስ ወይም ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ፈተና መጀመር፣ እንዲህ ያለ ሊሆን የሚችል ነገር በቂ ነው።

የ4 ዓመቱን ትምህርት ለምን በዚህ ያህል ጊዜ ጨረስክ ካሉህም አትሸማቀቅ። በኮሮናውም በጸጥታውም ስንት ጊዜ ትምህርት እንደተቋረጠ እነሱም ያውቃሉ። በአንድ አረፍተ ነገር ተናገርና በዚያ ጊዜ ምን ስትሠራ እንደቆየህ ጨምር። ያንተ የጤፍ ደብተር እዚህም ይገባል።

የማርቆስ ልጅ፦

ተባረኩ በእውነት። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ስለ ጤፉ ልጽፍ ነው፣ አባቴንም ደውዬ እጠይቀዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉ ምን ይባላል? ይዤ የምሄደውስ ምንድነው?

እታለም፦

«የለኝም» ብለህ አትነሳ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ዋና ሥራዬ ምን ይሆናል፣ ተጠሪነቴ ለማን ነው፣ ውጤቱን መቼ እንጠብቅ፣ ከእነዚህ ሁለቱን ጠይቅ። ዓመት ፈቃድና ጥቅማጥቅም ከተቀበሉህ በኋላ ይደርሳል። የሙከራ ጊዜም ይኖራል፣ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት፣ ውል ስትፈርም እሱን እይ።

የምትይዘው ዋናውን ዲግሪ ወይም ቴምፖውን (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቱን)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ መታወቂያ፣ ከሁሉም ሁለት ሁለት ኮፒ። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ስለሆነ ዋስ ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ ዋስ የሚሆንህ ደሞዝተኛ ዘመድ ካለ ከአሁኑ አነጋግረው፣ በመጨረሻ ሰዓት ዋስ ማግኘት ከባድ ነው።

ሒሳብ ክፍል ከቡሬ፦

ጥሩ ብላለች። መንገዱን ደግሞ አትመነው፣ ረቡዕ ባሕር ዳር ገብተህ እደር። ሐሙስ ማታ ምን እንደጠየቁህ እዚሁ ጻፍልን፣ ከኋላህ የሚመጡ ልጆች አሉ።