ልስን ሳይገባ የሶኬት መስመር፦ ምጣድ ከሌላው ጋር ይሄዳል?

ጠያቂ፣ ከቦሳ ኪቶ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ በራሴ እያሠራሁት ያለው ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ቆርቆሮው ለብሷል፤ ልስን ሊጀመር ነው። ሦስት መኝታ፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለው። መብራት የሚዘረጋልኝ ልጅ «ለየክፍሉ አንድ አንድ ሶኬት፣ ሁሉም በአንድ የ2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ መስመር፣ ምጣዱም እዚያው ላይ» ይላል። ወጪው ይቀንስልኛል፤ ግን ተለስኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግድግዳ መቦርቦር አልፈልግም። ይበቃል ትላላችሁ? ከፍታውስ ስንት ይሁን? ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) የግድ ነው?

ነባር ኤሌክትሪሺያን፦ ወንድሜ፣ በጊዜው ጠየቅክ። ከምጣዱ ልጀምር፤ አደጋው ያለው እሱ ላይ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። 3,800 ዋቱን ለ220 ቮልት ብታካፍለው ከ17 አምፔር ያልፋል። ተራው ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። እንጀራ ደግሞ በአምስት ደቂቃ አያልቅም፤ ያን ሁሉ ሰዓት ሶኬቱ እየጋለ ይቆይና መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ብሬከሩ ሲወርድ «ደካማ ነው» ተብሎ በባለ 32 አምፔር ከተቀየረማ ባሰ፤ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በ2.5 ሽቦ ላይ 32 ከገባ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል።

ስለዚህ ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ሳብ። ቅርብ ከሆነ 4፣ ራቅ ካለ 6 ሽቦ በባለ 25 ብሬከር። ጫፉ ላይ ተራ ሶኬት አታድርግ፤ ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ አድርገህ ምጣዱን በቀጥታ እሰረው። የውሃ ማሞቂያው ቦይለርም የራሱ 2.5 መስመርና 16 ብሬከር ይኑረው፤ ማጥፊያው ከመታጠቢያው በር ውጭ ይሁን። የቀሩትን ሶኬቶች ለሁለት ክፈላቸው፦ ወጥ ቤቱ ለብቻው፣ ሳሎንና መኝታዎቹ ለብቻቸው። መብራቱ በ1.5 ሽቦ በ10 ብሬከር ይሄዳል። ሁሉም አብሮ ሲበራ ቆጣሪህ ይችል እንደሆነ አስቀድመህ አስጠይቅ።

የቤት እመቤት፣ ከጊንጆ፦ ወንድም ጋሼ፣ ለየክፍሉ አንድ ሶኬት ብለህ እንዳትሸወድ። የሚተርፈው ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው። ሶኬት ከመቁጠር በፊት ባለቤትህን ይዘህ ባዶው ቤት ውስጥ ዙር፤ አልጋው የት ይሆናል፣ ፍሪጁ የት፣ ቴሌቪዥኑ የት እያላችሁ ግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። አልጋው ግራና ቀኝ፣ ቴሌቪዥኑ ጋ ቢያንስ ሁለት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ያስፈልጋል። ረከቦት የሚቀመጥበትን ጥግ ደግሞ እባክህ አትርሳ! ጅማ ላይ ቡና ሳይፈላ አይዋልም፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታፈላ ሰው ሽቦው ሳሎኑን አቋርጦ የልጆች እግር ሥር ሲጋደም ጀበናው ሊደፋ ይችላል።

ግንበኛ፦ ከፍታውን ከአሁኑ ወለል አትለካ። ሊሾና ሴራሚክ ሲገባ ወለሉ ከፍ ይላል። ያለቀለት ወለል የሚደርስበትን አስልተህ፣ ከዚያ 1 ሜትር ላይ በቱቦ ውሃ ልክ ቤቱን ሙሉ ዙሪያውን መስመር አስምር፤ ሁሉንም ከዚያ መስመር ለካ። ተራ ሶኬት ከወለል 40 ሳንቲ ሜትር፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው 110 አካባቢ ጥሩ ነው። ኮንዲዩቱ (ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ) ከኮርኒስ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ብሎኬቱን አግድም መቦርቦር ግድግዳውን ያደክማል፣ በኋላም ሚስማር የሚመታ ሰው እዚያ ሽቦ አለ ብሎ አይገምትም። የሶኬቱ ቦክስ ከልስኑ ፊት እኩል እንዲሆን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር አውጣውና በሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ጠቅጥቀው፤ ካልሆነ ለሳኙ በሲሚንቶ ይሞላዋል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ግራውንዱን ግን አልመለሱልኝም። ግቢው ውስጥ የጭቃ ሰርቪስ ቤትም አለ፤ እሱንስ ከዚሁ ልሳብ?

ነባር ኤሌክትሪሺያን፦ ግራውንድ የግድ ነው። ምጣዱና ቦይለሩ አካላቸው ብረት ነው፤ ሽቦ ከነካው ማምለጫ መንገዱ ግራውንድ ነው፣ እሱ ከሌለ እጅህ ነው። የግራውንዱ የብረት ዘንግ እርጥበት በማይለየው ቦታ በጥልቀት ይተከል፣ ከብሬከር ሳጥኑ ጋር ይታሰር፣ ከዚያም በመሣሪያ ይለካ፤ መትከሉ ብቻ አይበቃም። የውሃ ቧንቧ ላይ እሰሩት የሚል ካለ እንቢ በል፤ የዛሬ ቧንቧ ብዙው ፕላስቲክ ነው። ከዚህ በላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ) አስገባ፤ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ ወዲያው ይቆርጣል። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ለግራውንድ ብቻ ይሁን፤ ሽቦ አጠረ ተብሎ ለፌዝ (ኤሌክትሪኩ ለሚመጣበት ሽቦ) እንዳይውል ተከታተል።

ለሰርቪሱ የራሱን መስመርና ብሬከር ስጠው። ጭቃው ውስጥ እንጨትና ጭድ ስላለ ሽቦውን ራቁቱን እንዳትቀብረው፤ በኮንዲዩት ከግድግዳው ውጭ በክሊፕ ይሂድ።

ግንበኛ፦ ለሳኞቹ ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትሩን አጠገቡ ዘርግተህ በስልክህ ፎቶ አንሳ። መደርደሪያ ስትሰቅል ሽቦው የት እንዳለ ታውቃለህ።

ጠያቂ፦ ልጁን ነገ ጠርቼ ምጣዱን፣ ቦይለሩንና ሰርቪሱን ለየብቻ አስይዛለሁ። ኖራውም ተገዝቷል፤ ማታ ከባለቤቴ ጋር ምልክት እናደርጋለን።