የዕቅድ ውይይት፦ የቅዳሜ ቀዝቃዛ ውሃ ፕሮግራም

ጸሐፊ፦ ሰላም የለንደን ማኅበራችን ቤተሰብ። ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የምናስገባው የማመልከቻ ረቂቅ ይኸው፦ «አባሎቻችን ቅዳሜ ጠዋት ፓርላመንት ሂል ሊዶ በሚባለው ጣሪያ የሌለው፣ ውሃው የማይሞቅ ገንዳ ይዋኛሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ድብርትን ይፈውሳል።» የጎደለውን ሙሉ፣ የበዛውን ቁረጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ካፖርት ለብሼም እንቀጠቀጣለሁ። የሞቀ ገንዳ ጠፍቶ ነው?

ነርሷ፦ «ይፈውሳል» ይውጣ። በ2018 የወጣ የሐኪሞች ዘገባ አለ። ድብርትና ጭንቀት የነበረባት የ24 ዓመት ወጣት በየሳምንቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየዋኘች መድኃኒቷን መጀመሪያ ቀነሰች፣ በኋላም አቆመች። ደስ ይላል፤ ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ብርዱ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፤ ሰው ነቃ ብሎ የሚወጣው በከፊል ከዚያ የተነሣ ነው። ከዚህ በላይ ቃል አንግባ።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ይሄ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? እንጦጦ በማለዳ ጠበል የሚጠመቀውስ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ጠበሉ የእምነት ነው፤ ማመልከቻው ላይ አናቀላቅለው። ግን ጥሩ አስታወሱኝ። ጠበል ጀመርኩ ብሎ ኪኒኑን የጣለ ስንት ሰው አለ! «ማንም አባል ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒት አያቋርጥም» የሚል ይግባ።

የሴቶች ተወካይ፦ ከወንድ ጋር የማይገቡ እህቶች አሉን። ሃምፕስቴድ ሂዝ መናፈሻ ውስጥ የሴቶች ብቻ መዋኛ ኩሬ አለ፤ እሱም ይጠቀስ። ብዙዎቹ እናቶች ግን ዋና አይችሉም።

ነርሷ፦ ኩሬው ጥልቅ ነው፤ ለሚችሉት ብቻ ይሁን። ሌሎቻችን ሊዶው ጥልቀት በሌለው በኩል፣ የነፍስ አድን ሠራተኞች ባሉበት። እስከ ትከሻ ገብቶ ትንሽ ቆሞ መውጣትም ይበቃል። አደገኛው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ድንገት የገባ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ስለዚህ መዝለል የለም። ትንፋሽ እስኪረጋጋ ፊትን መንከርም የለም። ልብ፣ ደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከወጡ በኋላም ሰውነት መቀዝቀዙን ይቀጥላል። ቶሎ መልበስ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፤ ወደ ሙቅ ሻወር መሮጥ አይሆንም።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው በጃንዋሪ አንጀምርም። ሴፕቴምበር ይሻላል፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ሰውነትም አብሮ ይለምዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ የማምነው «ትኩስ መጠጣት» የሚለውን ነው። ዲሴምበር ላይ በሐበሻ ሰዓት 10 ሳይሞላ ይጨልማል። ሰው ከሥራ ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ ሥራ። ብቻውን ነው የሚታመመው። ሻዩ በረቂቁ የለም፣ በበጀቱም የለም።

ጋሼ፦ ተባረክ!

ጸሐፊ፦ ተስተካክሏል፦ «ከሴፕቴምበር ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት አጭር የቀዝቃዛ ውሃ ጊዜ፣ ቀጥሎ ለአንድ ሰዓት ያህል ሻይ። ዓላማው ብቸኝነትን ማቅለል ነው፤ ሕክምናን አይተካም።» እሑድ ቅዳሴ ስላለ ቀኑን አልነካሁትም።

የሴቶች ተወካይ፦ እስማማለሁ። የኩሬው ነገር በሁለተኛው አንቀጽ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቴርሞስና ፎጣ ጨምሬ በጀቱን ሐሙስ እልካለሁ። ዋናተኞቹ ውስጥ ግን ስሜን እንዳትጽፉ፤ እኔ ሻይ አፍላለሁ።