ኦሲሌተሬ ቀን ላይ ከቅኝት ይወጣል፤ የቱን ዕቃ ልቀይር?

ክራርሞድ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ አናሎግ ሲንቴሳይዘር እየሠራሁ ነው። ለ1 ኦክታቭ 1 ቮልት የሚቀበል ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) በይጄ ጨርሻለሁ። ጠዋት በደንብ እቃኘዋለሁ። ቀን ክፍሉ ሲሞቅ ግን ድምፁ ሁሉ ይንሸራተታል፤ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ስወጣ ይብሳል። ኤክስፖነንሻል ክፍሉ (ቮልቴጁን ወደ ድምፅ ከፍታ የሚቀይረው) ላይ ያሉት ሁለት ቢሲ547 ትራንዚስተሮች ተራርቀው ነው የተበየዱት። ካፓሲተሩ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የነቀልኩት ቡናማ ሴራሚክ ነው። ኦፕ አምፑ (ማጉያ ቺፑ) ቲኤል072። ሁሉንም ለመቀየር ኪሴ አይፈቅድም። ከየት ልጀምር?

ብየዳቤት
ከትራንዚስተሮቹ ጀምር ወንድሜ። ቤዝ (የትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር) ላይ አንድ ኦክታቭ ማለት 18 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ደግሞ 1.5 ብቻ። በቤዝና በኤሚተር (ሌላው እግሩ) መካከል ያለው ቮልቴጅ በ1 ዲግሪ ሙቀት 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። እንግዲህ አንዱ ትራንዚስተር ከሌላው በ1 ዲግሪ ቢሞቅ ከግማሽ ድምፅ በላይ ሄደ ማለት ነው!

ውድ ጥንድ መግዛት የለብህም። ከአንድ ጥቅል የወጡ ቢሲ547ዎችን ይህን ቮልቴጅ በእኩል ከረንት ለካ፣ ልዩነታቸው ከ1 ሚሊቮልት የማይበልጥ ሁለት ምረጥ። ስትለካ በጣትህ አትያዛቸው፤ የእጅህ ሙቀት ልኬቱን ያበላሸዋል። ከዚያ ጠፍጣፋ ፊታቸውን አገናኝተህ አጣብቃቸው።

ሰባት_ኖታ
ትክክል፤ ግን ላይኛው ኦክታቭ ላይ የሚብሰው በዚህ ብቻ አይድንም። ጥንዱ ቢመሳሰልም በየዲግሪው 0.33 በመቶ የስኬል (የቮልትና የኦክታቭ ምጣኔ) ለውጥ ይቀራል። ከመነሻው 3 ኦክታቭ ወደ ላይ ርቀህ፣ ክፍሉ 10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከግማሽ ድምፅ በላይ ዝቅ ይልብሃል። መድኃኒቱ ቴምፕኮ ሬዚስተር (ሲሞቅ ኦሙ የሚጨምር) ነው፦ 1 ኪሎ ኦም፣ በየዲግሪው ፕላስ 3300 ፒፒኤም (0.33 በመቶ)። ቮልቴጁን ወደ ቤዝ የሚያወርደው ዲቫይደር ላይ፣ ወደ ግራውንድ በሚሄደው በኩል አስገባው። አካሉ ትራንዚስተሮቹን መንካት አለበት፤ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ገንዘብህን ጣልክ።

ጩኸት
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኤኤስ3340 (ሙሉ ኦሲሌተር በአንድ ቺፕ) ግዛና ተገላገል። የሙቀት ማካካሻው ውስጡ አለ።

ብየዳቤት
ሁለት ሦስት ኦሲሌተር ለሚሠራ ሰው ጩኸት ልክ ነው። ግን ማይነስ 12 ቮልት በቀጥታ እንዳታስገባበት፣ ይቃጠላል። ዳታሺቱ (የቺፑ መረጃ ሰነድ) ላይ የተሰላውን ሬዚስተር በመሀል አድርግ። ካፓሲተሩም ቢሆን ከውጭ ነው፤ ጥሩ መሆን አለበት።

ክራርሞድ
እሺ፣ ትራንዚስተርና ቴምፕኮ። ካፓሲተሩስ ይቆይ?

ሰባት_ኖታ
አይቆይም፤ ርካሽ ስለሆነ አብረህ ቀይረው። የነቀልከው ኤክስ7አር የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሙቀትም ከቮልቴጅም ጋር ካፓሲታንሱ ይለዋወጣል። በሙቀት ብዙ የማይለዋወጥ ሲ0ጂ ሴራሚክ ወይም ፖሊስታይሪን (የፕላስቲክ ካፓሲተር) ፈልግ። ፖሊስታይሪን በብየዳ ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል፣ ፈጠን በል። ቲኤል072ን ተወው፣ ደህና ነው። መቆጣጠሪያ ቮልቴጁ የሚደመርበት ቦታ ላይ 1 በመቶ ሜታል ፊልም ሬዚስተር፣ ለስኬሉ ደግሞ ብዙ ዙር የሚዞር ትሪመር (የሚስተካከል ትንሽ ሬዚስተር) ይበቃል።

ክራርሞድ
ተባረኩ። ቀጥሎ ቪሲኤ (የድምፁን መጠን በቮልቴጅ የሚቆጣጠር ማጉያ) ልሠራ ነው፤ ያገኘሁት ንድፍ ሲኤ3080 የሚባል ቺፕ ይላል።

ብየዳቤት
እሱ መመረት ካቆመ ቆየ፤ ገበያ ላይ የምታየው አስመሳይ ሊሆን ይችላል። ኤልኤም13700 ውስጡ ሁለት ተመሳሳይ አምፕ አለው፣ አሁንም ይመረታል። የእግሮቹ አቀማመጥ ስለሚለይ ቦርዱን አስተካክል። መግቢያው ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊቮልት ካለፈ ድምፁ ይዛባል፤ ሲግናሉን በ100 ኪሎ ኦምና ወደ ግራውንድ በሚሄድ 220 ኦም ከፍለህ አስገባ። ቪሲኤ ላይ ቴምፕኮ አትግዛ። የድምፁ መጠን በሙቀት ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ጆሮ አይሰማውም።