ክርክር፦ ሠራተኛው ብቻውን በመኪና እንዳይመጣ አሠሪው ይገደድ?

ጠያቂው (ኦሮራ)፦
ወገኖቼ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ያለን ሰዎች በዚህ ጉዳይ በደንብ ተነጋግረን አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮሎራዶ የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት አንድ ረቂቅ ደንብ አውጥቶ ነበር። በአንድ ቦታ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ብቻቸውን እየነዱ የሚመጡትን መጀመሪያ ወደ 75 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 60 በመቶ ያውርድ የሚል ነው። ነጋዴው ተቃወመ፣ ረቂቁም ሳይጸድቅ በዚያው ሰመር ቀረ። በማግሥቱ ዓመት የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አካባቢያችንን ኦዞን በሚባለው ሳንባ ጎጂ ጋዝ ብክለት ወደ ባሰው ደረጃ አወረደው። እኔ ደንቡ ተመልሶ ይምጣ ባይ ነኝ። እንዳለ ግን አይደለም። እናንተስ?

የማታ ሺፍት፦
እኔ አልስማማም። የሆቴል ኪችን ነው የምሠራው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እገባለሁ። በዚያ ሰዓት ከቤቴ አጠገብ የሚያልፍ ባስ የለም። ስወጣ ልጄን ከዴይኬር አንስቼ ቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሥራ ነው። ካርፑል አድርግ፣ ከሌላ ሠራተኛ ጋር በአንድ መኪና ና ትሉኛላችሁ። ከማን ጋር? አብሮኝ የሚገባው ልጅ የሚኖረው በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ቢሮ ያለው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ ይሠራል። እኔ ድስቱን ቤቴ ወስጄ አላጥበውም። አለቃው 60 በመቶ ካልሞላ እቀጣለሁ ብሎ ከፈራ፣ ጫናው የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ የምትለው ይገባኛል። ግን እኔ ያለሁበትንም እይልኝ። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከሰዓት በኋላ በአስም የሚመጡ ልጆች ይበዛሉ። ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ የሚወጣ ነገር አይደለም። ጠዋት ከመኪናውና ከነዳጁ የሚወጣው ጋዝ ፀሐይ ሲያገኘው ነው ወደ ኦዞን የሚለወጠው። ስለዚህ ጠዋት የነዳነው ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ደረት ላይ ይወርዳል። ባለፈው ሰመር አንዲት እናት ልጇን አቅፋ መጣች። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው፤ ኢንሄለሩን በሁለት እጁ ይዞ መተንፈስ አቅቶታል። አየሩ መጥፎ ነው የተባለ ቀን ከቤት አታውጪው አልኳት። ማን ይይዝልኛል አለችኝ። እሷም እንዳንተ ሺፍት የምትሠራ ናት። ይኼ ደንብ የሀብታም ጉዳይ ነው ሲባል የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ኮሜርስ ሲቲ፦
እህቴ፣ የልጆቹ ነገር እኔንም ያመኛል። ቤቴ ከሰንኮር ማጣሪያ ብዙም አይርቅም። በኮሎራዶ ያለው ነዳጅ ማጣሪያ እሱ ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ስትሄጂ ደግሞ ዌልድ ካውንቲ በነዳጅና በጋዝ ጉድጓድ የተሞላ ነው። ኦዞኑን የሚሠራው ጋዝ ከዚያም በብዛት ይወጣል። እነሱን ጥግ ሳታስይዝ የሆቴል ሠራተኛ ቶዮታ መቁጠር ምን ይባላል? በቅድሚያ ትልቁ ይነካ።

ጠያቂው፦
ትልቁ ይነካ፤ እስማማለሁ። ግን አንዱ እስኪያልቅ ሌላው ይጠብቅ ከተባለ ሁለቱም አይነኩም። ማጣሪያው መኪናውን ያሳያል፣ ባለመኪናው ማጣሪያውን ያሳያል፣ ሰመሩ ያልፋል።

ጋሼ ኤልኤ፦
ልጆች፣ ይኼ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ሎስ አንጀለስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ ስጀምር በተግባር አይቼዋለሁ። የደቡብ ካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ባለሥልጣን በ1987 መጨረሻ ደንብ 15 የሚባለውን አጸደቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ቦታ ሁሉ ይመለከተዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሚገቡት ሰዎች በመጡበት መኪና ብዛት ይካፈላሉ። 150 ሰው በ100 መኪና ከመጣ 1.5 ነው። ለአብዛኛው ቦታ ግቡ ይኼው 1.5 ነበር፤ ለመሀል ከተማው 1.75፣ ለዳር ዳሩ 1.3።

እኛ ዘንድ አንዲት ኃላፊ ተመደበች። ፎርም ታስሞላለች፣ ማን የት እንደሚኖር ካርታ ላይ መርፌ ትሰካለች፣ ካርፑል ታገናኛለች። ለካርፑል የተሻለው ፓርኪንግ ተሰጠ። ልጁ ድንገት ለታመመበት ሰው ታክሲ ይከፈልለታል። ይቺ የታክሲዋ ነገር ቀላል አትምሰላችሁ። ብዙ ሰው መኪናውን የማይተወው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር እንዴት እሄዳለሁ ብሎ ነው።

ለውጡ ግን ትንሽ ነበር፤ አሠሪውም ወጪው በዛብኝ አለ። በ1990 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይኼንኑ ግዴታ ኦዞን ክፉኛ ወዳስቸገራቸው ሌሎች ከተሞች ወስዶት ነበር። በ1995 መጨረሻ ኮንግረስ በፈቃደኝነት ይሁን ብሎ ግዴታነቱን አነሳው። እዚህም በዚያው ወር ደንቡ ተተካ። አዲሱ ዛሬ የሚመለከተው 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ነው፤ አሠሪው ሠራተኛውን ከማስቸገር ይልቅ ለአየር ማሻሻያ ፈንድ ከፍሎ መገላገልም ይችላል። ተሞክሮ የላላ ነገር ነው። ከመመለሳችሁ በፊት ለምን እንደላላ አስቡበት።

ሲያትል፦
ጋሼ፣ እኛ ጋ ግን አልተነሳም። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ከ1991 ጀምሮ አለ። 100 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይመለከታል፤ የሚቆጠረው ግን ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት የሚገባው ሠራተኛ ነው። የማታ ሺፍት ሆይ፣ አንተ ከነጭራሹ አትቆጠርም። ደግሞ አሠሪው በቅን ልቦና ከሠራ ግቡን ስላልመታ ብቻ አይቀጣም። የሚቀጣው ፕሮግራም ሳያዘጋጅ ወይም ያዘጋጀውን ሳይፈጽም ሲቀር ነው። መሥሪያ ቤቴ የባስና የባቡር ካርድ ይሰጠኛል። መኪና አለኝ፤ ለሥራ ግን አላነሳትም።

አዲስ አበባ፦
ከዚህ ሆኜ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። እኛ ዘንድ ብዙ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ አለው። የመንግሥት ሠራተኛውም ጠዋት ሰልፍ ይዞ የሚጠብቀው ሰርቪሱን ነው። መኪናዬን ተከለከልኩ የሚል የለም፤ ሥራ ሲፈለግ እንዲያውም ሰርቪስ አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። የኦሮራው ሆቴል ለሌሊት ገቢዎች አንድ ሚኒባስ ቢያሰማራ ምን ይለዋል?

የማታ ሺፍት፦
ሰርቪስ ካለማ እኔ የመጀመሪያው ነኝ። ነዳጁም ኢንሹራንሱም ይቀርልኛል። ረቂቁ ግን መጀመሪያ ያወራው ስለ በመቶኛ ነው። የባስ ድርጅቱ በ2020 መስመር ቀነሰ፣ ቀጥሎ ሾፌር ጠፋ ተባለ። አማራጩ ሳይኖር ቁጥሩ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል።

ጠያቂው፦
እኔም እንዳለ አይምጣ ያልኩት ለዚህ ነው። የምደግፈውን በግልጽ ልናገር። ስንት ሰው ብቻውን ነዳ እያሉ መቁጠሩ ይቅርና የፓርኪንጉ ገንዘብ ለሠራተኛው ይሰጠው። አሠሪው ለመኪናህ ቦታ ሲከራይ ወጪ አለው፤ በባስ የሚመጣው ጓደኛህ ግን ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አያገኝም። ካሊፎርኒያ በ1992 ያወጣችው ሕግ ይኼንን ያስተካክላል። ፓርኪንግ ተከራይቶ በነፃ የሚሰጥ አሠሪ፣ ቦታውን አልፈልግም ላለው ሠራተኛ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ይክፈል ይላል። የዩሲኤልኤው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ስምንት አሠሪዎችን አጥንተው ነበር። ብቻውን የሚነዳው ሠራተኛ ከ76 በመቶ ወደ 63 በመቶ ወርዷል። ማንም አልተገደደም። መንዳት ያለበት ነዳ፣ መተው የቻለ ገንዘቡን ኪሱ ከተተ። የጋሼ ካርፑል የደከመው፣ መኪናውን የተወው ሰው በፔይቼኩ ላይ የሚያየው ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል።

ኮሜርስ ሲቲ፦
ቆይ፣ እዚህ ጋ ልያዝህ። አንተ ያልከው ሕግ የሚይዘው ፓርኪንግ የሚከራየውን ነው። ኦሮራ ውስጥ ስንቱ ነው የሚከራየው? ዌርሃውሱም ሆስፒታሉም ሰፊ የራሱ ቦታ አለው። በነፃ ነው የምሰጠው ይልሃል።

ጠያቂው፦
ልክ ነህ፣ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው። ግን የራሱም ቢሆን ቦታው በነፃ አልመጣም። መሬቱ ግብር አለው፣ አስፋልቱ ይጠገናል፣ በረዶው ይጠረጋል። ያንን ወጪ በአንድ መኪና አስልቶ ማሳወቅ ይቻላል። ለሌሊት ገቢው ደግሞ ሰርቪስ ወይም የጋሼ ታክሲ ይኑር።

ነርሷ፦
ጠዋት ገቢው ብቻ ቢቀንስ እንኳ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ኦዞን የሚሆነው የጠዋቱ ነው።

ኮሜርስ ሲቲ፦
እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ማጣሪያው በዚያው ወረቀት ላይ ካልተጠቀሰ አልፈርምም።

የማታ ሺፍት፦
እኔ እንዲህ ሆኖ ከመጣ አልቃወምም። ሁለት ነገር ግን በጽሑፍ ይግባልኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት የሚገባ ሠራተኛ በቁጥሩ ውስጥ አይግባ። ገንዘቡም ከደሞዝ ጋር ሳይቀላቀል ፔይቼኩ ላይ ለብቻው ይታይ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለውን የደሞዝ ጭማሪ ይበላብናል። ሐሙስ የሠራተኛ ስብሰባ አለን፤ እዚያ አነሳዋለሁ። ጋሼ፣ የዚያን ጊዜውን የታክሲ አሠራር ዘርዘር አድርገው ቢጽፉልኝ፤ ማን እንደሚከፍል፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ።