የደህንነት ኦዲት ውጤት ሁሌ ከ90 በመቶ በላይ፣ ግኝቱ ግን በየዙሩ ያው

ቢጫ ቆብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በየሦስት ወሩ የውስጥ ደህንነት ኦዲት ስለሚደረግበት ፋብሪካ ነው። የብረት ወርክሾፕ፣ የኮምፕረሰር ክፍል፣ የኬሚካል መጋዘን እና ሰው እየገባ የሚያጸዳቸው ሁለት ታንከሮች አሉት። ቼክሊስቱ 180 ጥያቄ ሲሆን መልሱ "አለ" ወይም "የለም" ነው። ውጤቱ ከ90 በመቶ ወርዶ አያውቅም። ግኝቶቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው፦ የግራይንደር መከለያ አልተስተካከለም፣ የኤሌክትሪክ ፓኔል ፊት ካርቶን ተደርድሯል፣ ሠራተኛ መነጽር አላደረገም። ሪፖርቱ "ለሠራተኞች የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ" ብሎ ያልፋል፣ ስልጠናው ይሰጣል፣ በሦስተኛው ወር ያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል።

ያለው ሁለት ኦዲተርና ሁለት ቀን ብቻ ነው። ጊዜውን ምን ላይ ማዋል ይሻላል? በዓይን ታይቶ ከማለፍ ይልቅ መለካት ወይም መሞከር ያለበትስ የትኛው ነው?

ኩሽኔታ

በመጀመሪያ ያንን መቶኛ ጣሉት። 180 ጥያቄ እኩል ነጥብ ካለው እያንዳንዱ 0.56 በመቶ ነው። "የደህንነት ፖሊሲ ተለጥፏል" የሚለውም፣ "ታንከር ከመገባቱ በፊት ጋዝ ይለካል" የሚለውም እኩል 0.56 ይዘዋል ማለት ነው። ሰው የሚገድለው ጉድለት ተገኝቶ ውጤቱ 99 ሊሆን ይችላል። ገዳይ የሆኑትን (ኃይል ዘግቶ መቆለፍ፣ እንደ ታንከር ያለ የታፈነ ቦታ፣ ከፍታ ላይ ሥራ፣ ማንሻዎች፣ ፎርክሊፍትና እግረኛ፣ ብየዳ) ለብቻ አውጥታችሁ "አልፏል" ወይም "ወድቋል" በሉ። አማካይ ውስጥ አይግቡ።

ሁለተኛው የጥያቄው አጻጻፍ ነው። "የማሽን መከለያ አለ?" ከተባለ ወለል ላይ የተቀመጠውም "አለ" ነው። "መከለያው ያለ መፍቻ ይወልቃል ወይ? ሲከፈት ማሽኑ ይቆማል ወይ?" ብላችሁ ከጻፋችሁት ግን ኦዲተሩ ከበር ላይ ሆኖ ሊሞላው አይችልም።

ስለ ሁለቱ ቀናት። ሥራው ከአንድ ሳምንት በፊት ወረቀት ላይ ይጀምር። ያለፈውን ዓመት የአደጋና ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች መዝገብ፣ የሥራ ፈቃዶችን (አደገኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚፈረሙትን ወረቀቶች)፣ ያለፈውን ኦዲት ግኝቶችና የጥገና ትዕዛዞችን አስመጡ። የጥገና ትዕዛዝን ኦዲተሮች አያዩትም፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት እሱን ነው የምገልጠው። አንድ ማሽን ላይ "የበር ሴንሰር ተስተካከለ" የሚል ትዕዛዝ ሦስት አራት ጊዜ ካለ፣ ወይ በሩ ተጣሟል ወይ ኦፕሬተሩ ሴንሰሩን እያታለለው ነው። የት ማሽን ጋ መቆም እንዳለባችሁ ፋብሪካው ሳትገቡ ታወቀ።

የመክፈቻ ስብሰባው ከ20 ደቂቃ አይለፍ። ከዚያ የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ወለል ላይ ይዋል። ሁሉንም ቦታ በጨረፍታ ከማየት አራት ወይም አምስት አደገኛ ሥራ መርጣችሁ እያንዳንዱን ከወረቀት እስከ ማሽን ተከተሉት። ለምሳሌ አሥር የብየዳ ፈቃድ አንሱ። ሥራው ያለቀበት ሰዓትና የእሳት ጠባቂው የፈረመበት ሰዓት አንድ ከሆነ፣ ጠባቂው ከብየዳው በኋላ አልቆየም። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ጠበቅ ባለው አሠራር 60 ደቂቃ መቆየት ነበረበት፤ ታፍኖ የቆየ ብልጭታ የሚነሳው ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ነውና። ከብየዳው ዙሪያ 11 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር መነሳት ወይም መሸፈን አለበት፤ ይህን በሜትር ለኩ፤ በወለሉና በግድግዳው ያሉትን ቀዳዳዎችም እዩ።

ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ፎርማኑ አጠገብ አይቁም። "ስልጠና ወስደዋል?" ምንም አይነግራችሁም፣ መልሱ "አዎ" ነው። "ብረቱ ሲጣበቅ እንዴት ነው የሚያወጡት? እስቲ ማሽኑን አጥፍተን ያሳዩኝ" በሉ። እጁ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ከአሥር የስልጠና ፊርማ ይበልጣል።

ጓጉንቸር

ኩሽኔታ ባለው ላይ ልጨምር። ኃይል ዘግቶ መቆለፍን በወረቀት ኦዲት ማድረግ አይቻልም። የጥገና ባለሙያ የታቀደ ሥራ ሲጀምር አጠገቡ ቁሙና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከቱ፤ ለዚህ 40 ደቂቃ መመደብ አይቆጫችሁም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ለሚመለከታቸው ማሳወቅ፣ ማሽኑን በመደበኛው መንገድ ማቆም፣ ከምንጩ መለየት፣ መቆለፍና ታግ ማድረግ፣ የተጠራቀመውን ኃይል ማውጣት፣ በመጨረሻ ማረጋገጥ። የሚዘለሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

የድንገተኛ ማቆሚያውን ተጭኖ ሥራ መጀመር። ያ ቁልፍ የሚቆርጠው የመቆጣጠሪያውን መስመር ነው፤ ዋናው መስመር ኃይል እንዳለው ነው፣ ኮንታክተሩ (የሞተሩን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ስዊች) ተጣብቆ ከቀረም ሞተሩ ላይ ኃይል አለ። መቆለፍ ያለበት ዋናው ማቋረጫ ላይ ነው።

መብራት ጠፍቶ አየሩ መቅረት። ዋናው ብሬከር ተቆልፎ የአየር ሲሊንደሩ ውስጥ 6 ባር እንደተቀመጠ ሰው እጁን ያስገባል። ጌጁ ዜሮ ማሳየቱን እዩ፤ ወደ ላይ የተነሳ ከባድ ክፍል ካለ ደግሞ በድጋፍ መያዝ አለበት፣ አየሩ ሲወጣ ይወርዳልና። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ያጠራቀሙት ኃይል እስኪፈስስ አምራቹ ሽፋኑ ላይ የጻፈው ደቂቃ መጠበቅ አለበት።

ቴስተሩን ሳይፈትሹ መለካት። ቴስተሩ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞከራል፣ ከዚያ የሚሠራበት ቦታ በፌዝና ፌዝ እንዲሁም በፌዝና መሬት መካከል ይለካል፣ ከዚያ እንደገና በሚታወቀው ቦታ ይሞከራል። ሦስተኛውን የሚያደርግ ባለሙያ ካገኛችሁ በሪፖርቱ በበጎ ጥቀሱት። ከዚያም የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ እንደማይነሳ ማየትና ወደ "ጠፍቷል" መመለስ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ጓጉንቸሮቹን ቁጠሩ። አንድ ሰው፣ አንድ ጓጉንቸር፣ አንድ መክፈቻ ነው ደንቡ። 12 የጥገና ሠራተኛ ባለበት 3 ጓጉንቸር ካለ፣ ወይም ትርፍ መክፈቻዎቹ ሱፐርቫይዘሩ መሳቢያ ውስጥ ከተገኙ፣ መመሪያው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ግኝቱ ተጽፏል።

አሁን ስለ ግራይንደራችሁ። ቋሚ ግራይንደር ላይ በዕቃ ማስደገፊያውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከላይ ባለው ተስተካካይ ምላስና በድንጋዩ መካከል ደግሞ ከ6 ሚሊሜትር። ማሽኑ ጠፍቶና ተቆልፎ ለኩት። ክፍተቱ ሲሰፋ የሚሞረደው ብረት በማስደገፊያውና በድንጋዩ መካከል ይሸጎጣል፣ ድንጋዩም ይሰነጠቃል፤ በሙሉ ፍጥነት ላይ የተሰበረ ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ መግለጽ አያስፈልግም። ልብ በሉ፦ ድንጋዩ በሠራ ቁጥር ያልቃል፣ ስለዚህ ክፍተቱ ማንም ሳይነካው በራሱ ይሰፋል። በየሦስት ወሩ የሚመለስባችሁ ለዚህ ነው እንጂ ሠራተኛው ግንዛቤ አጥቶ አይደለም። መድኃኒቱ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ ላሜራ በሽቦ ማሽኑ ላይ አንጠልጥሎ በየሺፍቱ መጀመሪያ የሚለካና የሚያስተካክል አንድ ሰው መመደብ ነው።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከሞተሩ ዙር እኩል ወይም በላይ መሆኑንም አመሳክሩ። መጋዘን ያሉ አዲስ ድንጋዮችን ከመግጠም በፊት በእንጨት እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ የሚያደርጉ ከሆነ ጠይቁ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ኢንተርሎክ (በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ስዊች ወይም ሴንሰር) ያላቸው በሮች ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ሴንሰሩ ላይ በፕላስተር የተጣበቀ ማግኔት፣ ወይም ከበሩ ተፈትቶ ስዊቹ ውስጥ ለብቻው የተሰካ ምላስ። ስታገኙ ኦፕሬተሩን ከመውቀስ በፊት በሺፍት ስንት ጊዜ በሩን ለመክፈት እንደሚገደድ ጠይቁ። 20 ጊዜ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ነው የሚያስታልለው። የግሪስ መቀቢያውን በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት ወይም ማስተካከያውን ከመከለያው ውጭ ማድረግ በብዙ ቦታ ነገሩን ይቋጨዋል።

ሌሊት ሺፍት

ሁለታችሁም ያልነካችሁት ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ካላችሁ ከሁለተኛው ቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ለሌሊት ሺፍትና ለሺፍት ቅይይር ይሰጥ። ቀን የሚያምር ፋብሪካ ሌሊት የፈቃድ ፈራሚ የለውም፣ የመጋዘን ቁልፍ ያዥ የለውም፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ የለውም። ጽዳትና የኮንትራት ሠራተኞችም የሚገኙት ያን ጊዜ ነው። ድንገተኛ ኦዲት የሚባለውን ግን ብዙም አልወደውም፤ ሰው መደበቅ ይለምዳል። ቀኑን አሳውቁ፣ የትኛውን ሥራ እንደምትከታተሉ አትናገሩ።

ታንከሮቹ ላይ። ከመገባቱ በፊት የሚለካው በዚህ ተራ ነው፦ ኦክስጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ መርዛማ ጋዝ። ኦክስጅን የሚቀድመው አብዛኛው የተቀጣጣይ ጋዝ ሴንሰር በትክክል ለማንበብ ራሱ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ገደብ ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ከዝቅተኛው የመፈንጃ መጠን 10 በመቶ በታች ነው፤ የአገሩ ሕግ ጠበቅ ካለ እሱ ይያዝ። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ሚቴን ግን ወደ ላይ ይወጣል። የድሮ ፈቃዶችን ስታገላብጡ ሁሉም መስመር ላይ "20.9፣ 0፣ 0" ካያችሁ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ንጹሕ አየር 20.9 ነው። መለኪያው ውስጥ የተቀመጠውን መረጃ አውርዳችሁ ከወረቀቱ ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ መሣሪያው በዚያ ሰዓት ጭራሽ ካልበራ መልሱ ግልጽ ነው። ካሊብሬሽን መቼ እንደተደረገና ከሥራ በፊት በታወቀ ጋዝ መሞከሩንም እዩ።

የማዳን ዕቅዱ "ለእሳት አደጋ ይደወላል" ብቻ ከሆነ ወድቋል። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ነው፣ ለማዳን ሮጦ የገባውም አብሮ የሚሞትበት ሁኔታ ብዙ ነው። ትራይፖዱንና ዊንቹን (ሰው ከታንከር የሚጎተትበትን ባለሦስት እግር ማቆሚያና መጠቅለያ) አስወጥታችሁ፣ አሻንጉሊት ወይም የአሸዋ ከረጢት በማሰሪያ አስራችሁ፣ በሰዓት ይዛችሁ አስሞክሩ። ያማረ ሰነድ ያለው ፋብሪካ ዊንቹ ከታንከሩ አፍ ላይ የማይገጥም ሆኖ የሚገኘው በዚህች ሙከራ ነው።

ኬሚካል መጋዘን ካለ የዓይን ማጠቢያው ከሁሉም ቀላሉ ሙከራ ነው፣ ግን ሁሌም አምስት ሴኮንድ ከፍተው ይዘጉታል። 15 ደቂቃ ሙሉ ይፍሰስ። ከአደጋው ቦታ በ10 ሴኮንድ መድረስ አለበት፣ መንገዱ ላይ ደረጃም ሆነ የተዘጋ በር የለም፣ አንዴ ከተከፈተ እጅ ሳይዘው ይፈስሳል፣ ውሃው ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቧንቧው ፀሐይ ላይ ከተዘረጋ ውሃው ያቃጥላል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ማንም 15 ደቂቃ አይታገሰውም። በየሳምንቱ የማይለቀቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ዝገት ነው፣ እሱ ነው እንግዲህ ዓይን ውስጥ የሚገባው።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ፓኔል ፊት 90 ሴንቲሜትር ያህል ነፃ ቦታ። በዱቄት እሳት ማጥፊያ ላይ የጌጁ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጌጅ የለውም፣ ይመዘናል፣ ከጋዙ ክብደት 10 በመቶ ከጎደለ ይሞላል። በኮምፕረሰሩ አየር ታንክና በሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ በሚከፈተው) መካከል የሚዘጋ ቫልቭ መኖር የለበትም፤ የቫልቩ መክፈቻ ግፊት ከታንኩ የስም ሰሌዳ ግፊት አይበልጥም። ከታች ያለውን ማፍሰሻ አስከፍቱ፣ ብዙ ውሃ ከወጣ በየቀኑ አይፈስስም፣ ታንኩም ከውስጥ እየዛገ ነው። የፎርክሊፍት ሹካ ተረከዙ ላይ 10 በመቶ ከሳሳ ከሥራ ይወጣል፤ በካሊፐር ነው የሚለካው።

ቢጫ ቆብ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ግኝቱን እንዴት ብንጽፈው ነው "ስልጠና ይሰጥ" ከሚለው የምንወጣው? አዘጋጉስ?

ኩሽኔታ

ግኝት አራት ነገር ይይዛል፦ የት፣ ምን ታየ፣ ምን መሆን ነበረበት፣ ምን ሊያስከትል ይችላል። "መከለያ አልተስተካከለም" ግኝት አይባልም። "ወርክሾፕ፣ ግራይንደር ቁጥር 2፣ የማስደገፊያ ክፍተት 9 ሚሊሜትር ተለካ፤ ገደቡ 3 ነው፤ የማስተካከያ ኃላፊ በጽሑፍ አልተመደበም" ሲባል ግን መድኃኒቱ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይወጣል። የሠራተኛ ስም አይጻፍ፤ ስም ከገባ በሚቀጥለው ዙር የሚያናግራችሁ አታገኙም።

እርምጃ ስትመርጡ ከላይ ጀምሩ፦ አደጋውን ማስወገድ፣ መተካት፣ በመሣሪያ መከላከል፣ በአሠራር፣ በመጨረሻ የግል መከላከያ። ዓለም አቀፉ የሥራ ደህንነት ደረጃ አይኤስኦ 45001ም የሚያስቀምጠው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ስልጠና የሚመደበው ከአሠራሩ ጋር ነው፣ ስለዚህ ብቻውን ከተጻፈ ከላይ ያሉት ሦስቱ ለምን እንደማይቻሉ አንድ መስመር ማብራሪያ ይጠየቅ። ይህችን ሕግ ብቻ ብታስገቡ "ስልጠና ይሰጥ" የሚለው በጣም ይቀንሳል።

ፓኔሉ ፊት የሚደረደረው ካርቶን የቦታ ችግር ነው። የሚገባው ዕቃ ከመደርደሪያው በላይ ስለሆነ ካርቶኑ ሌላ የሚሄድበት የለውም፤ ተነስቶ ፎቶ ይነሳና ከሁለት ቀን በኋላ ይመለሳል። ግኝቱ የሚሰጠው ለመጋዘን ወይም ለግዢ ኃላፊው ነው። መነጽሩንም አንስታችሁ ለ10 ደቂቃ አድርጉት። በላብ የሚደበዝዝ፣ የተቧጨረ ወይም ከራሳቸው መነጽር ላይ የማይቀመጥ ከሆነ ሠራተኛው ማየት ስላልቻለ ነው ያወለቀው። ደብዛዛ የማይሆንና ሁለት ሦስት መጠን ያለው መግዛት፣ መቀየሪያውንም ማሽኑ አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል።

አዘጋጉ፦ ለእያንዳንዱ ግኝት አንድ ባለቤት በኃላፊነት መጠሪያው፣ አንድ ቀን። ገዳይ የሆኑት ላይ ዘላቂው እስኪመጣ በዚያው ሺፍት የሚሠራ ጊዜያዊ እርምጃ ይኑር፤ ካስፈለገ ማሽኑ ይቁም። ፎቶ "ተሠርቷል" ለማለት ይበቃል፣ "ተዘግቷል" ለማለት አይበቃም። ከ30 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ከባለቤቱ ሌላ የሆነ ሰው ሄዶ እንደገና ይለካና ይፈርም። ግራይንደሩ ላይ ያ ሰው 3 ሚሊሜትሯን ላሜራ ክፍተቱ ላይ ይዞ ያያል፤ ከጎኗ ቦታ ከተረፈ ግኝቱ እንደተከፈተ ይቀጥላል።