ጥቁር ባሩድ ሪቮልቨር ከፍ ብሎ ይመታብኛል፣ ለአደንስ ይሆናል?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1860ው ኮልት አርሚ ቅጂ አለኝ፣ 44 ካሊበር፣ ጣሊያን ሰራሽ። በ25 ሜትር ስተኩስ ኳሶቹ ይሰበሰባሉ፣ ግን ካነጣጠርኩበት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው ነው የሚያርፉት። ስድስቱን ኳስ የሚይዘውን ተሽከርካሪ ሲሊንደር ደጋግሜ ስሞላው ደግሞ መሰብሰቡም ይቀርና እዚህም እዚያም ይበታተናሉ። ባሩድ ልቀንስ ወይስ ማነጣጠሪያውን ልንካ? ሌላው፣ ጓደኛዬ በዚህ አጋዘን ይወድቃል ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት ነው?

ሞራና ሰም፦
ከፍ ማለቱ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ኮልቶች ድሮም እንዲህ ናቸው። የኋላ ማነጣጠሪያቸው መዶሻው አናት ላይ ያለችው ትንሽ ስንጥቅ ናት፣ የፊቱ ደግሞ አጭር ነው። ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ አስገጥምና ምቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ በሞረድ ቀስ እያልክ ታስተካክለዋለህ። ግን መጀመሪያ የባሩዱን መጠን ወስን፣ እሱ በተቀየረ ቁጥር ምቱም ይቀየራል።

የሚበታተነው በጥላሸት ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ በላዩ ጋዝ አይሆንም፣ ደርቆ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። በባሩዱና በኳሱ መሃል ሞራና የንብ ሰም የጠጣ ክብ የሱፍ ጨርቅ አድርግ። የመኪና ግሪስ እንዳትነካ፣ እንደ ሬንጅ ይጋገርብሃል።

የድሮ ብረት፦
ሞራውስ ጥሩ፣ ግን ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። ብዙ ቅጂዎች ላይ የሲሊንደሩ ጎሬ፣ ማለትም ባሩድና ኳስ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ኳሱን ከሚያሽከረክረው የበርሜሉ ጥምዝ መስመር ይጠባል። ኳሱ ጎሬው ውስጥ ተጨምቆ ይወጣና በርሜሉ ውስጥ ሲደርስ መስመሩን በደንብ አይዝም። በካሊፐር፣ ስፋት በምትለካው መሣሪያ፣ ሁለቱንም ለካ። ኳሱን ስትጭንም እይ፣ ጎሬው አፍ ላይ ዙሪያውን ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተልጦ ካልቀረ ኳስህ ትንሽ ነው። እርሳሱም ንጹሕና ለስላሳ ይሁን።

ባሩድ መቀነሱ ይጠቅምሃል። ከ20 እስከ 25 ግሬን፣ ማለትም ከ1.3 እስከ 1.6 ግራም ይበቃል። የጎደለውን በሰሞሊና (ሸካራ የስንዴ ዱቄት) ሙላው፣ ኳሱ ወደ ጎሬው አፍ ይጠጋል። በባሩዱና በኳሱ መሃል ባዶ ቦታ መተው አደጋ ነው፣ ጭስ አልባ ባሩድ ደግሞ በጭራሽ። ሌላው የኮልት ጣጣ በርሜሉን የምትይዘው ሽብልቅ ናት፣ ሁሌም እኩል ካልገባች ምቱ ይቀያየራል። ሬሚንግተን 1858 ይህ ጣጣ የለበትም፣ ክፈፉ ከላይም ዝግ ነው።

ቀስ ብሎ አዳኝ፦
ወደ አደኑ ልምጣ። የ44 ክብ ኳስ 9 ግራም ገደማ ነው፣ ጉልበቱም በተለመደው ሙሌት ከ300 እስከ 400 ጁል። ከተራ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ያንሳል ማለት ነው። ለጥንቸል ይበቃል። ለአጋዘን ግን ጓደኛህ አበዛው። በአንዳንድ አገር ሕጉ ራሱ ዝቅተኛ ጉልበት ይወስናል፣ በሌላው በሽጉጥ ማደን ጭራሽ ክልክል ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያንን አጣራ። ርቀትህን ደግሞ ጠረጴዛ ተደግፈህ አትለካ። ቆመህ ወይ ተንበርክከህ ስድስቱም መዳፍህ በምታክል ቦታ የሚያርፉበት ርቀት እሱ ነው ያንተ ርቀት፣ 15 ሜትርም ቢሆን።

የድሮ ብረት፦
እስማማለሁ፣ ግን ትልቁን የ1847ቱን ኮልት ዎከር ሪቮልቨር ከዚህ አውጣው፣ እሱ በአንድ ጎሬ እስከ 60 ግሬን ባሩድ ይውጣል፣ ሌላ ፍጥረት ነው።

ጀማሪው፦
ለካሁት። ጎሬው 11.3 ሚሊሜትር፣ በርሜሉ 11.5።

የድሮ ብረት፦
ይኸው ተገኘ! ጎበዝ ባለሙያ ጎሬዎቹን ያስፋልህ፣ ከዚያ በኋላ 11.6 ኳስ ትይዛለህ። ስድስቱንም እኩል ያድርጋቸው ብቻ፣ አንዱ ከተለየ አምስቱ አንድ ላይ ሄደው ስድስተኛው ብቻውን ይወጣና ቃታው ላይ ያለውን ጣትህን ስትወቅስ ትኖራለህ።